አስከሬን የሌለው ለቅሶ

ጎጃም ውስጥ ከሩቅ አገር የመጣ ሞት እንዲሁ በድንገት አይነገርም። ዘመድ ማታውን ይመካከራል፣ ሽማግሌና የንስሐ አባት ይጠራሉ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ደጅ ተደርሶ መርዶው ይረዳል። አስከሬን ባይኖር እንኳ የሟች ልብስ፣ ፎቶ፣ ጠመንጃ ወጥቶ ይለቀሳል። ይህን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው፣ መንግሥት በምስጢር የሰቀላቸው ሰዎች ቤተሰብ ከሟቹ ሕይወት ሌላ ምን እንደተነጠቀ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሜይ 9 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. በኢራን ዋና ከተማ ቴህራን በሚገኘው የኤቪን እስር ቤት አምስት ሰዎች ተሰቀሉ። አራቱ ኩርዶች ነበሩ፦ መምህሩ ፋርዛድ ካማንጋር፣ አሊ ሄይዳሪያን፣ ፋርሃድ ቫኪሊና ሺሪን አላም ሆሊ። ቀኑ ለቤተሰብም ለጠበቃም አልተነገረም፤ አስከሬንም አልተሰጠም። ቀብር ከሌለ ቀብር ላይ የሚሰበሰብ ሕዝብ የለም፤ የመከልከሉ ስሌት ይኸው ነው።

ሕዝቡ ግን ሌላ መንገድ አገኘ። በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ በሳናንዳጅ፣ በማሃባድ፣ በካማንጋር አገር በካምያራንና በሌሎችም የኩርድ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ዋሉ። የነሐሴ 2008ቱን የባሕር ዳር ቤት ውስጥ የመቀመጥ አድማ ያየ ሰው የዚህን ጥበብ ያውቀዋል። አደባባይ የወጣ ሰው ይተኮስበታል፣ መሪው ይለያል፤ የተዘጋ በር ግን መሪ የለውም። ድክመቱም እዚያው ነው። ቀኑ አስቀድሞ ካልተቆረጠ ግማሹ ይከፍታል፣ ግማሹ ይዘጋል፤ ያኔ ማን እንደዘጋ ይመዘገባል፣ ሱቁም ይታሸጋል። ቀናቱ ከበዙ ደግሞ መጀመሪያ የሚራበው የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚሸምተው ደሃ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሦስት፤ መድኃኒት ቤትና ዳቦ ቤት ሳይነካ።

የውጭው ዓለም ቁጣ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ድምፁ ይበዛል፣ ዋጋው ርካሽ ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ስለ ኦጎኒ ሕዝብ መሬትና ነዳጅ የተሟገተው ኬን ሳሮ ዊዋ ከስምንት ጓዶቹ ጋር ኖቬምበር 10 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ፖርት ሃርኮርት ላይ ተሰቀለ። የኮመንዌልዝ (የብሪታንያና በአብዛኛው የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ማኅበር) መሪዎች በዚያው ሰሞን ኒውዚላንድ ተሰብስበው ነበርና በማግስቱ ናይጄሪያን አገዱ፤ ብዙ አገሮችም አምባሳደሮቻቸውን ጠሩ። የናይጄሪያው ወታደራዊ ገዢ የአባቻ መንግሥት የሚኖርበትን የነዳጅ ሽያጭ ግን ማንም አልነካውም። ማንዴላ ከስቅላቱ በፊት ለስላሳ ዲፕሎማሲ መርጠው፣ ከስቅላቱ በኋላ የነዳጅ ማዕቀብ ጠየቁ፤ ሰሚ አላገኙም።

በእኛ አስተያየት ትልቁ ስሕተት የጊዜው ነው። ፍርዱ የተሰጠው በኦክቶበር መጨረሻ ነበር፤ ወታደራዊው ምክር ቤት ያጸደቀው ኖቬምበር 8 ነው። ይግባኝ አልነበረም። መጮህ የነበረበት በእነዚያ አሥር በማይሞሉ ቀናት ውስጥ፣ ለሚያጸድቀው አካል በቀጥታ ነበር። የእኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 የሞት ፍርድ በርዕሰ ብሔሩ ሳይጸድቅ አይፈጸምም ይላል፤ በአደባባይ መስቀልንም ይከለክላል። ስለዚህ በማንኛውም አገር ቢሆን መጀመሪያ የሚጠየቀው «የሚያጸድቀው ማን ነው? ስንት ቀን ቀረው?» የሚለው ነው።

(ጎጃም በ1937 ዓ.ም. የተሰቀለውን በላይ ዘለቀን እስከ ዛሬ በሙሾና በፉከራ ይዞታል። በላይ አርበኛ እንጂ የመብት ተሟጋች አልነበረም፤ መቃብሩን መጠበቅ ሲያቅት ግጥሙ የሚጠበቀው ግን በዚሁ መንገድ ነው።)

በጁን 2025 የናይጄሪያው ፕሬዚዳንት ቲኑቡ ለሳሮ ዊዋና ለስምንቱ ጓዶቹ ይቅርታ አድርገው ብሔራዊ ክብር ሰጧቸው። ከኦጎኒ ወገን ብዙዎች አልተቀበሉትም። ይቅርታ የሚደረገው ለጥፋተኛ ነው፤ የጥፋተኝነት ፍርዱም ባለበት ይቆያል። የሚጠይቁት ፍርዱ ራሱ እንዲሻር ነው።