ዳሎል ላይ የተነሳ ክርክር

አፋር ውስጥ ካለችው መንደር፣ ከሀመድ ኤላ፣ ወደ ዳሎል የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ዳሎል ፀሐይ ከበረታ በኋላ አይቻልም። ቦታው ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱ በጠዋቱም አለ።

ጉብታው ላይ ስንወጣ ጨዉ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። የድኝ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከዚያ ቢጫና አረንጓዴ ኩሬዎች ተዘረጉልን። ጎንበስ ብዬ አንዷን የጨው ቀዳዳ ሳያት ውሃው ይንተከተካል፤ ጠርዟ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ነው። ቀለሙ በዋናነት ከብረት የመጣ ነው። ትኩሱ ውሃ ሲወጣ ያለው ብረት ቀስ በቀስ ኦክስጅን ሲያገኘው ወደ ብርቱካንማ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ ይሄዳል።

ተመራማሪዎች እዚህ የሚመላለሱት ሕይወት እስከ የት መዝለቅ እንደምትችል ለማወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ቡድኖች የሚጋጭ ውጤት አወጡ። አንዱ እጅግ ጥቃቅን ተህዋስያን አገኘሁ አለ። በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የሚመራው ሌላኛው ቡድን ደግሞ አሲዱም ጨዉም ባየለባቸው ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት የለም አለ። የማግኒዚየም ጨው የሕዋስን ክፍሎች ያፈርሳል፤ አሲድና ጨው ሲደራረቡም መቋቋም አይቻልም። ደግሞ ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሕዋስ መስለው ያሳስታሉ። ይህን ማስጠንቀቂያቸውን በጣም ወደድኩት። ያዩትን ሁሉ ሕይወት ነው ብለው አልተቻኮሉም።

አብረውን የነበሩ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ይህን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«አየህ ልጄ፣ ውሃ ስላለ ብቻ ሕይወት አይኖርም! ሳይንስ እዚህ ጋ ቆመ። የእግዚአብሔር ሥራ ነው።»

እኔም አማኝ ነኝ። ግን አልተዋጠልኝም።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔርን ሳይንስ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ብቻ ካስቀመጥነው ነገ ሲደርስበትስ?» አልኳቸው። አሜሪካዊው ኬሚስት ስታንሊ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ሙከራ ሚቴን፣ አሞኒያ፣ ሃይድሮጅንና የውሃ ተን ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እየለቀቀ ፕሮቲን የሚገነባባቸውን አሚኖ አሲዶች አግኝቷል። ከዚያ እስከ አንዲት ሕያው ሕዋስ ገና ሩቅ ነው። ቢሆንም የሕይወትን አጀማመር የሚያጠኑ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ናቸው፤ ቢሳካላቸው እምነቴ የሚናጋበት ምክንያት አይታየኝም። ኦሪት ዘፍጥረት ራሱ «ውኃ ሕያው ነፍስ ያላቸውን ተንቀሳቃሾች ታስገኝ» ይላል። እንዴት እንዳስገኘች አይዘረዝርም። እሱን መመርመር የኬሚስቶች ሥራ ነው፤ ለእኔ ደግሞ የተከበረ ሥራ ነው።

አፋሩ አስጎብኚያችን ሲያዳምጥ ቆይቶ ገባበት። «ቁርአንም ሕያው ነገር ሁሉ ከውሃ ተፈጠረ ይላል» አለ።

መምህሩ ግን አልለቀቁኝም። «እሺ፣ ነፍስስ?»

እሷን ከሚለር ብልቃጥ አልጠብቅም አልኳቸው። ሚለር የጠየቀው አካል የተሠራባቸው ነገሮች ከየት እንደመጡ ነው። ሰው ለምን እንደሚኖር አልጠየቀም። መምህሩ በከፊል ተስማሙ፤ በከፊል ደግሞ እስከ በርሃሌ ድረስ ተከራከሩኝ።