«እማዬ፣ አንቺ ብቻ ቁጭ በይ»

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ቤት ለቤት እየሄድኩም አክማለሁ። ሰባዎቹን ወዳጋመሱ አንዲት እናት ቤት የተላክሁት ለእጃቸው ነበር። ግቢያቸው ውስጥ አዳልጧቸው ወድቀው አንጓቸው ተሰብሯል፤ ጀሶው ከወጣ በኋላም እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል።

እጁ ደህና እየሆነ ሄደ። እኔን ያሳሰበኝ እግራቸው ነው። ሊሸኙኝ ከሶፋው ብድግ ሲሉ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ገፍተው ግማሽ ድረስ ተነሱና መልሰው ዘፍ አሉ። በሁለተኛው ቢቆሙም የጠረጴዛውን ጠርዝ አልለቅ አሉ። ከወደቁ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ቀርቷል፣ ለቅሶ ቀርቷል፤ ቡናውንም የምታፈላው ልጃቸው ናት። «እማዬ፣ አንቺ ብቻ ቁጭ በይ» ይሏቸዋል። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የወደቀ ሰው ፈርቶ ሲቀመጥ ጡንቻው ይሰንፋል፣ ጡንቻው ሲሰንፍ ዳግም የመውደቅ ዕድሉ ይሰፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው በመውደቅ እንደሚሞት ይገምታል፤ የሚበዙትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው።

ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው እንዲቀመጡ ጠየቅኋቸው። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ ያሰጋል፤ የእሳቸው ከዚያ ብዙ አለፈ። የደም ግፊታቸውም ተኝተው ከነበረው ሲቆሙ በጣም ስለወረደ፣ ሐኪማቸው መድኃኒታቸውን እንዲያይላቸው ጻፍኩ።

ልምምድ እንጀምር ስል ወንድ ልጃቸው ደነገጠ። «ደግማ ብትወድቅስ?» አለኝ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረውና በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት) ግምገማ፣ ልምምድ የመውደቅን ብዛት በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ማሳየቱን ነገርኩት። እሱን ያሳመነው ግን ቁጥሩ ሳይሆን የእናቱ ንግግር ነው። ከጠንካራ ወንበር በእጅ ሳይገፉ ቀስ ብለው መነሳትና መቀመጥን ሳሳያቸው ፊታቸው በራ፤ «ልጄ፣ ይኼማ የስግደት ታናሽ ወንድም ነው! ጾም በገባ ቁጥር ስሰግድ አልነበር እንዴ?» አሉ። ልጅየው ዝም አለ።

ቀሪውን ወጥ ቤት ውስጥ የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዘው ሠሩት፦ በእግር ጣት መቆም፣ ወደ ጎን መራመድ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት አስነክቶ መቆም። ልጃቸው እጇ በሚደርስበት ርቀት ከኋላ ትቆማለች። መጀመሪያ በሁለት እጅ፣ ሲለምዱት በአንድ፣ ከዚያ በጣት ጫፍ ብቻ ይይዛሉ። ብዙ ቤት የሚሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁልጊዜ ሙጭጭ ብሎ ይዞ የሚሠራ ሰው ሚዛኑ አይፈተንም፣ ስለዚህም አይሻሻልም። ክፍት ሸበጡንም ተረከዝ በሚይዝ ጫማ አስቀየርኩ።

ወራት ሲያልፉ ከሶፋው ያለ እጅ መነሳት ቻሉ፤ በልጃቸው አጃቢነትም ቅዳሴ መሄድ ጀመሩ። ሲሻላቸው የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ ልምምዱ ከቆመ ጥቅሙም ስለሚጠፋ አሁንም እየደወልኩ «እማማ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ተነሱ?» እላቸዋለሁ።