ማዳም፣ ይተዉት

ዛሬ ልቤ ደብሮታል። ምክንያት የለውም። የኅዳርን ፓሪስ ታውቁታላችሁ፣ ገና ከቀኑ በሰባት ሰዓት የመሸ ይመስላል። ጓደኛዬ ሰ. ልትመጣ ነበር፣ ልጇን አሞባት ቀረች። ቤት መግባት አስጠላኝ። ፌዴርብ ሻሊኒ ጣቢያ ከሜትሮ ወርጄ ፖል ቤር መንገድ ላይ ዝም ብዬ ስዞር ዝናቡ በረታ። አንዲት ጠባብ ቢስትሮ፣ የሰፈር ምግብ ቤት፣ አየሁና ገባሁ።

በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ጥቁር ሰሌዳ አለ። የምሳ ሁለት ሳህን፣ 21 ዩሮ። እዚህ ለምትኖሩት ርካሽ መሆኑን መንገር አያስፈልገኝም። አንድ ነገር ሲያልቅ አስተናጋጁ መጥቶ በእጁ ያብሰዋል። እኔ እያየሁ ዓሣው ተሰረዘ።

የዚህ ዓይነት ቤቶችን ታሪክ የነገረኝ የድሮው ሼፌ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1992 ኢቭ ካምደቦርድ የሚባል ሼፍ ከክሪዮን ሆቴል ወጥቶ 14ኛው ወረዳ ውስጥ ላ ሬጋላድን ከፈተ። የትልቅ ሆቴል እጅ፣ የሰፈር ቤት ዋጋ። በ2004 አንድ ጋዜጠኛ ነገሩን ቢስትሮኖሚ ብሎ ሰየመው። ሼፌ ሥራ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ታሪክ ያወራል። ሥራ ሲበዛ ደግሞ ይሳደባል። ስድቡን ከታሪኩ በላይ አስታውሰዋለሁ።

መጀመሪያ ባሮ ሽንኩርት አዘዝኩ። ተቀቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ሰናፍጭና ኮምጣጤ ፈሶበት፣ ከላይ የተከተፈ እንቁላል ተነስንሶበት መጣ። ለኛ ሰው ባሮ ብቻውን ምሳ ነው ብለሽ ብታቀርቢለት ይጣላሻል። ግን ይጥማል። ቀጥሎ የበሬ ጉንጭ ከተፈጨ ድንች ጋር። በቀይ ወይን ብዙ ሰዓት ስለበሰለ ቢላ አይፈልግም። በሹካ ስነካው ተፈታ። መረቁ ጠቆር ያለ፣ ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ነው። ዳቦና የቧንቧ ውሃ እዚህ አገር በሕግ ከምግቡ ዋጋ ጋር ነው። ይሄን አሳምሬ እያወቅኩ ሁለተኛ ዳቦ ስጠይቅ ድምፄ ይቀንሳል። ለማንኛውም መጣልኝ። እያጠቀስኩ ሳህኑን አጸዳሁት።

ወጥ ቤቱ ክፍት ነው፣ ሁሉም ይታያል። ከጥግ በኩል ፕሎንጁ አለ፣ ሳህን የሚታጠብበት፣ ድሮ የእኔ ሥራ የነበረው። የማጠቢያው ማሽን ክዳን ሲነሳ እንፋሎቱ ቡፍ አለ። ድምፁን ከመቶ ድምፅ መሃል እለየዋለሁ። ከዚያ የሚወጣ ሳህን ጣት ያቃጥላል። ግን ወዲያው ካላወጣሽው ቀጣዩ ክምር ይደርስብሻል። ስለዚህ በጣትሽ ጫፍ ይዘሽ ታወጪዋለሽ፣ ቆዳሽም ቀስ በቀስ ይለምደዋል።

ይሄን እያሰብኩ እጄ በራሱ ሥራ ጀምሯል። ትልቁን ሳህን ከታች፣ ትንሹን ከላይ፣ ሹካውን ለብቻ። የአጠገቤን ሰውዬ ባዶ የዳቦ ቅርጫት ሳይቀር አንስቼ ከላይ ደረብኩት። ሰውዬው ቅርጫቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ስልኩ ተመለሰ። አስተናጋጁ መጣና «ማዳም፣ ይተዉት። እዚህ ይሠራሉ እንዴ?» አለኝ። ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ግን ነገሩ አልለቀቀኝም።

ሰው ሲያገለግለኝ አርፌ መቀመጥ አልችልም። ወዳጄ ኤ. «የፕሎንጅ በሽታ ነው፣ ይለቅሻል» ይለኛል። ፕሎንጁን ከተውኩ ቆየሁ፣ በሽታው አለ።

ለነገሩ እኛ ቤትስ ማን አርፎ ይቀመጥ ነበር? የእናቴን ቤት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ፎጣው ትከሻዬ ላይ፣ ማንቆርቆሪያው በቀኜ፣ መታጠቢያው በግራዬ። ውሃው ለብ ካላለ እናቴ በዓይኗ ትቆነጥጠኛለች። እንግዳው እጁን ሊታጠብ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ሽበታም ሽማግሌ፣ ለእኔ ለአንድ ፍሬ ልጅ! «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ» ይባላል። እሱ ግን ታጥቦ ሳይጨርስ አይቀመጥም። ከዚያ «እደጊ» ይለኛል። ጎንበስ ብዬ ወደ ቀጣዩ አልፋለሁ። በአንድ ዙር ስምንት ሰው ቢኖር ስምንት ምርቃት። ያኔ እንደ ሀብታም ነበር የሚሰማኝ።

ታዲያ በሽታው ከዚያ የመጣ ቢሆንስ? የማጠቢያ ማሽን ሳላውቅ በፊት? እንዲህ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ያንኑ ማንቆርቆሪያ የምትይዘው ሠራተኛችን ነበረች። ለእሷም ብድግ ይሉ ነበር? ጭንቅላቴን ብፈትሽ፣ ብፈትሽ አንድም ሰው ሲነሳ አይታየኝም። እደጊ ያላትም ትዝ አይለኝም። ዕድሜዋ ከእኔ ቢበልጥ በሦስት ዓመት ነው። ገና ታድግ ነበር እኮ።

እናቴን ደውዬ ልጠይቃት አሰብኩ። «ምን ሆነሽ ነው?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስልኩን መልሼ ቦርሳዬ ከተትኩት።

ሒሳቡ መጣ። አገልግሎት ተካቷል ይላል። እዚህ 15 በመቶው ዋጋው ውስጥ ስለሆነ ጉርሻ የግድ አይደለም። ቢሆንም ሁለት ዩሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አስቀምጬ ፈዝዤ ቀረሁ። እኔ በሠራሁበት ቤት ሳንቲሙ አስተናጋጆቹን አልፎ ሳህን አጣቢ ጋ ሲደርስ አላየሁም። ታዲያ ጥግ ላይ ለቆመው ልጅ እንዴት ይድረሰው? ገብቼ «እደግ» ልበለው? ቀና ብዬ አየሁት። ፂሙ ደረቱ ላይ ደርሷል። በዕድሜ ሳይበልጠኝ አይቀርም።