ልጄን መጠቅለል ያቆምኩት እንዴት ነው?

አራስ ቤት እያለሁ ስለ ጡት፣ ስለ እትብት፣ ስለ ገንፎና ስለ አጥሚት ያልመከረኝ ሰው የለም። ሕፃን እንዴት እንደሚጠቀለልም እናቴ በደንብ አሳይታኛለች። መቼ እንደሚቆም ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

መጠቅለሉ ራሱ ጠቅሞናል። አራስ ልጅ ተኝቶ ሳለ ድንገት እጁን ወርወር አድርጎ ይነቃል። ይህ ድንጋጤ የተፈጥሮ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። በነጠላ ሰብሰብ ሲል ግን እንቅልፉ ይረጋል። እናቴ «እንዳይጎብጥ» እያለች እግሩንም ቀጥ አድርጋ ማሰር ትፈልግ ነበር። በዚህ አልተስማማንም። ሕፃናት እግራቸው እንዲጎብጥ የሚያደርገው ሪኬትስ ከቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ በሽታ ነው፤ ማሰር አይከላከለውም። እንዲያውም እግርን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ ማሰር የዳሌን መገጣጠሚያ ሊያወልቅ ይችላል። ስለዚህ ከወገቡ በታች ላላ አድርገን፣ ጉልበቱን እንደ ልቡ እንዲያጥፍ እየተውን እንጠቀልለው ነበር።

የ14ኛ ሳምንት ክትባቱን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ስሄድ ልጁ በጎኑ መዞር ጀምሯል። ነርሷን «ሊገለበጥ ነው መሰለኝ፣ መጠቅለሉን ልተው?» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ ካርዱ ላይ እየጻፈች «እስከ 6 ወር ችግር የለውም፣ ሲያድግ ራሱ ይተወዋል» አለችኝ። ወዲያው ቀጣዩን ተራ ጠራች። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያበሽቀኛል። ወሳኙ ነገር ወሩ አይደለም፣ መገልበጡ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ልጁ የመገልበጥ ምልክት ሲያሳይ መጠቅለል ይቁም ይላል። እጁ የታሰረ ልጅ በሆዱ ከተገለበጠ ፊቱን ከፍራሹ ቀና የሚያደርግበት አቅም የለውም። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ቤት ገብቼ ኢንተርኔት አገላበጥኩ። አብዛኛው ምክር ተመሳሳይ ነው፤ መጀመሪያ አንድ እጁን አውጡ፣ ከቀናት በኋላ ሁለተኛውን፣ ቀስ በቀስ ይለምዳል። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያ ምክር የተጻፈው ዚፕ ወይም ማጣበቂያ ላለው የውጭ አገር መጠቅለያ ነው። እኛ ቤት ያለው ነጠላ ነው። ነጠላ የሚይዘው ሁለቱም እጆች ከውስጥ ሲሆኑ ነው። አንዱ እጅ ሲወጣ ጠቅላላው ይላላል። ይህን ያወቅነው ሌሊት ላይ ነው። የማላውቀው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ለቅሶ አይደለም፤ የታፈነ፣ እንደ ማቃሰት ያለ ነገር ነው። የስልኬን መብራት ሳበራ የወጣው እጁ ነጠላውን ጎትቶ ጎትቶ ፊቱ ላይ አድርሶታል። ጥለቱ በለሃጩ ርሶ ከላይኛው ከንፈሩ እስከ አፍንጫው ተለጥፏል። በጣቴ አላቀቅኩት። አንዴ በረጅሙ ተነፈሰና አለቀሰ። ባለቤቴ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ይለኛል፣ እኔ ግን ጉልበቴ ከድቶኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብያለሁ።

ነጠላው ከዚያች ሌሊት በኋላ አልጋው ላይ አልወጣም። ልጃችሁ መዞር ከጀመረ ሁለቱንም እጅ በአንድ ጊዜ አውጡ። ሌሊቶቹ ከባድ ይሆናሉ። ይሁኑ።

ቀጥሎ የመጣው ጭቅጭቅ የብርድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ቤታችን ማሞቂያ የለውም። ብርድ ልብስ ደግሞ ልክ እንደ ነጠላው ፊቱ ላይ ሊወጣ ይችላል። ሰፈራችን ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ሄጄ ከለስላሳ የብርድ ልብስ ጨርቅ የመኝታ ከረጢት አሰፋሁ። እጅጌ የለውም፣ ከታች ዝግ ነው፣ ከፊት ዚፕ አለው። አንገቱና ብብቱ ልክክ ማለት አለበት፣ ልጁ ወደ ውስጥ እንዳይሰምጥ። ከወገብ በታች ግን ሰፋ ይበል። ከስር እጅጌው ረጅም የሆነ የጥጥ ቱታ አለበስኩት። ኮፍያ አላደረግኩለትም። እናቴ ሌሊት ተነስታ እጁን ዳስሳ «በረዶ ሆኗል እኮ ልጄ!» ትለኝ ነበር። የሕፃን እጅ ቀዝቀዝ ማለቱ የተለመደ ነው። መዳሰስ ያለበት ማጅራቱና ደረቱ ነው። ማጅራቱ ካላበው እንዲያውም በዝቶበታል ማለት ነው።

እጁን ወርውሮ ሲነቃ ወዲያው አላነሳሁትም። መዳፌን ደረቱ ላይ አሳርፌ ድንጋጤው እስኪያልፍ እጠብቅ ነበር። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ቀን ቀን፣ ነቅቶ ሳለ፣ ምንጣፍ ላይ በሆዱ እያስተኛን አንገቱንና ክንዱን አጠነከርንለት። ይህ ከሁሉም በላይ ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ። ስናስተኛው ሁልጊዜ በጀርባው ነው።

ሠራተኛ እናቶች ይህን አስቡበት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ነው። ፈቃዳችሁ የሚያልቀው ልጁ መገልበጥ በሚጀምርበት ሰሞን ነው፤ ያኔ ቤት የምትቀረው ሞግዚቷ ናት። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ደውዬ እንዴት ነው ስላት «ጥሩ አድርጌ ጠቅልዬው ለጥ ብሏል እትዬ» አለችኝ። ቢሮ ቆሜ ላብ አሰመጠኝ። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ እሷም ያደገችው እንዲሁ ነው። «አትጠቅልዪው» ማለት ብቻ አይበቃም። ልጁ ሲገለበጥ በዓይኗ እንድታይ አብረን ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን፣ ዚፑን እሷው ራሷ እንድትዘጋ አደረግኩ፣ ነጠላዎቹን በሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ይዤው ሄድኩ።