ተከታዩ ሌላ፣ ዒላማው ሌላ

አንድ ጦር በኢንተርኔት የተጽዕኖ ዘመቻ ሲከፍት፣ ማለትም ማንነቱን ደብቆ የሰዎችን ሐሳብ ለመለወጥ ሲሞክር፣ ያነጣጠረው ማን ላይ ነው? ሥራዬ ይሄን ፈልጎ ማግኘት ነው። ለማጥቃት አይደለም። ሊታለል የታሰበውን ሰው ካላወቅን ማንን እንደምናስጠነቅቅ አናውቅም፣ ያኔ ደግሞ ማስጠንቀቂያችን ሁሉ ለማንም የማይደርስ ጩኸት ይሆናል።

መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎኝ ነበር። የተጠረጠሩትን ፔጆች ሰበሰብኩ፣ የተከታዮቻቸውን ዕድሜ፣ ጾታና አገር በሰንጠረዥ አስቀመጥኩ፣ ከዚያ «ዒላማው ከ18 እስከ 34 ዓመት ያሉ ወንዶች ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። በሥራው ብዙ የቆየች ባልደረባዬ አነበበችውና «እሺ፣ ታዲያ ነገ ጠዋት ለማን ነው የምንደውለው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለካ ተከታይ ማለት ዒላማ ማለት አይደለም። አንዱ ሊሳደብ የገባ ነው፣ ሌላው ራሱ የዘመቻው ሀሰተኛ አካውንት ነው፣ ሌላው ደግሞ አንድ ቀን ላይክ አድርጎ የረሳው ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ በይፋ የታወቁ የቆዩ ዘመቻዎችን ማንበብ ጀመርኩ። ብዙ ያስተማረኝ በሀሰተኛ አካውንቶች አሜሪካውያንን ያነጣጥር የነበረው የሩሲያ ድርጅት፣ የሴንት ፒተርስበርጉ የኢንተርኔት ሪሰርች ኤጀንሲ ነው። ድርጅቱ ጦር አልነበረም፣ ግን አሠራሩ ግልጽ ሆኖ የተመዘገበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የስለላ ኮሚቴ ያሉ ዴሞክራቶች 3,500 ገደማ የሚሆኑ የፌስቡክ ማስታወቂያዎቹን ይፋ አደረጉ። በ2016 ሂውስተን ላይ የሆነውን እስካሁን አልረሳውም። ከዚያው ድርጅት የወጣ አንድ ፔጅ ሰዎችን በእስላማዊ ማዕከል ላይ ተቃውሞ እንዲወጡ ጠራ፣ ሌላው ፔጁ ደግሞ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ ማዕከሉን ለመደገፍ ውጡ አለ። ሁለቱም ወገን ወጣ። እነዚህን ሰዎች ዕድሜ አላገናኛቸውም። እያንዳንዱ ወገን የራሱ ፍርሃትና ቁስል ነበረው፣ ዘመቻው የገባው በዚያ በኩል ነው። ቁስሉን ደግሞ ዘመቻው አልፈጠረውም፣ ቀድሞም ነበረ። ከዚያ በኋላ «ይሄ ፖስት የሚያመው ማንን ነው?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ።

የማይናማር ነገር ደግሞ የማነብበትን መንገድ ቀየረው። ፌስቡክ በኦክቶበር 2018 ከአገሪቱ ጦር ጋር የተያያዙ 13 ፔጆችና 10 አካውንቶች አጠፋ፤ ከፔጆቹ ቢያንስ አንዱን የሚከተለው ሰው 1.35 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ላይ ላዩን ሲታዩ ስለ ውበትና ስለ መዝናኛ የሚያወሩ ነበሩ። አስቡት፣ ሰው የገባው ለመዝናናት ነው! አሁን አንድ ፔጅ ሲያጠራጥረኝ ከመጀመሪያው ፖስት እነሳለሁ፣ ምክንያቱም ፖለቲካው ሳይመጣ በፊት በምን እንደሳቡት ካየሁ ማንን ሊያመጡ እንደፈለጉ ይገባኛል።

ሌላው የተማርኩት፣ የታለመለትና የደረሰው ሰው የተለያዩ መሆናቸውን ነው። በ2022 ትዊተርና የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ያጠፉት፣ ምዕራባውያንን የሚደግፍ ስውር መረብ ነበር፤ ሜታ በኋላ ከአሜሪካ ጦር ጋር ግንኙነት ያላቸው ሰዎች እጅ እንዳለበት ገልጿል። ቋንቋው ሩሲያኛ፣ ዐረብኛ፣ ፋርስኛና ሌሎችም ነው፤ ዒላማው ቁልጭ ብሎ ይታያል። አብዛኛው ፖስት ግን ያገኘው ጥቂት ላይክ ብቻ ነው። እናም ሁለቱን ለየብቻ ነው የምጽፈው። የታለመለትን ሁሉ «ተታሏል» ማለት ትልቅ ስህተት ነው።

ይሄን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። በአንድ ሪፖርት አንድን ማኅበረሰብ «ተጋላጭ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያው ማኅበረሰብ የሆነ ሰው አንብቦት «እኛ ስንጮህ የኖርነው እኮ ዘመቻው ሳይመጣ ነው፤ አሁን አቤቱታችን ሁሉ የውጭ ሰው ሥራ ሊባል ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። በጣም አመመኝ፣ ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሪፖርት ከማውጣቴ በፊት ረቂቁን ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሰዎች አሳያለሁ።

በቅርቡም እንዲሁ አደረግሁ። የመረመርኳቸው ፖስቶች የተጻፉት በአንድ ማኅበረሰብ ስም ነው፣ ቁጣ የተሞሉ ናቸው፣ እኔም ዒላማው ራሱ ማኅበረሰቡ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ረቂቁን የሰጠኋት ሴት ግን ሁለት መስመር አንብባ ቆመች። «እኛ ዘንድ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው የለም» አለችኝ። ተመልሼ ሳየው እውነቷን ነው፣ አነጋገሩ ጎረቤቶቻቸው እነሱን ሲያስመስሉ የሚናገሩት ዓይነት ነበር። ፖስቱ የተጻፈው ጎረቤቶቹ አንብበው እንዲፈሩ ነው። ሪፖርቱን እንደገና ከዜሮ ጀመርኩት።