እሌኒ በደመራ ማታ

ታምፓ የሄድኩት ለክርስትና ነው። የአክስቴ ልጅ በመጋቢት መጨረሻ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ሰማንያ ቀኗ በሰኔ 2017 ደረሰ። ከሜሪላንድ ፍሎሪዳ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ትኬቱ 64 ዶላር፣ ሻንጣው 72። በሶና በርበሬ ስለያዝኩ ሻንጣውን ጥዬው መሄድ አልቻልኩም። እንዲህ ሆኖ በሶው ከእኔ በላይ ተከፈለለት።

የአክስቴ ልጅ ቤት በእንግዳ ጢም ብሏል። ሶፋው ላይ ሁለት ሰው፣ ምንጣፉ ላይ ሦስት። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ “ባሕር ዳር ላይ ልደር” አልኩና ትሬዠር አይላንድ በምትባለው ቀጭን ደሴት ላይ አንድ ሞቴል ያዝኩ። ዋጋው በአዳር 119 ይላል። ስደርስ 38 ዶላር “የሪዞርት” ጨመሩበት። ለምን ብል ለመዋኛ ገንዳው ነው አሉኝ። ገንዳውን ሄጄ አየሁት። ውሃ የለውም። በብርቱካናማ መረብ ታጥሮ ውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ተገልብጧል። ተመልሼ ተናገርኩ፤ ልጅቷ ፈገግ ብላ “ሲስተሙ ነው የሚጨምረው” አለች። ሲስተም ያለው ነገር በአዲስ አበባም በአሜሪካም አንድ ነው።

ሌሊቱ ከዚያም ባሰ። ክፍሉ የሻገተ ይሸታል። ጥግ ላይ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ሲያጓራ ያድራል፤ ካጠፋሁት ሽታው ይብሳል። አልጋው ላይ ተጋድሜ ግድግዳውን ሳይ፣ ከወለሉ እስከ ወገብ ከፍ ብሎ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ክፍሉን ዙሪያውን ከቦታል። ከመስመሩ በላይ ቀለሙ ክሬም ነው፣ ከመስመሩ በታች ነጭ። ተነሥቼ በእጄ ዳሰስኩት። የላዩ አሮጌ፣ የታቹ አዲስ ጂፕሰም ነው። ተመልሼ ጋደም ስል መስመሩ ከአፍንጫዬ በላይ ሆነ። ባለፈው መስከረም ሀሪኬን፣ ያ የባሕር አውሎ ነፋስ፣ ያስገባው ውሃ እዚያ ድረስ ከነበረ እኔ አሁን የተኛሁት ከውሃ በታች ነው ማለት ነው። እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

ጠዋት የሞቴሉን ጥገና የሚሠራ ሰውዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። “ውሃው ጉልበት ድረስ ነው የመጣው” አለ። ጂፕሰም ውሃ ወደ ላይ እየመጠጠ ስለሚሻግት ከፍ አድርገው ይቆርጡታል። እንጀራ ወጥ እንደሚመጠው። ሌሊቱን ሙሉ የፈራሁት ውሃ የአናጺ መስመር ሆኖ ተገኘ። ግን ጉልበት ድረስም ቢሆን ባሕር ነው፤ የአልጋው ፍራሽ ከዚያ ብዙም አይበልጥም።

የክርስትናውን ነገር አልጽፈውም። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዕልልታው፣ ክትፎው፣ ሁሉም እንደምታውቁት ነው። ከግብዣው በኋላ ቡና ላይ የተወራውን ግን ልንገራችሁ።

የአክስቴ ልጅ የድሬ ልጅ ናት፤ ሀሪኬንን የምትቆጥረው በበዓል ነው። ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26፣ 2024 የሚሉትን እሷ “የደመራ ዕለት” ትለዋለች። የዚያን ቀን የመጣው ሀሪኬን ስሙ ሄሊን ነው፣ በእኛው እሌኒ። “አስበው እንግዲህ” አለችኝ። “መስቀሉን ያገኘችው ንግሥት ስም፣ በደመራዋ ማታ! እኔ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ሻንጣ አዘጋጃለሁ።” ኢርማ ደግሞ በ2009 ጳጉሜን 5፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ኢያን በ2015 ከመስቀል ማግስት። የሀሪኬን ሲዝን የሚጀምረው ጁን 1፣ በግንቦት ተክለሃይማኖት ነው፤ የሚያልቀው ኖቬምበር 30፣ ኅዳር ጽዮን ላይ። ካህኑ ለሕፃኗ የክርስትና ስም ሲያወጡ አንዷ አክስት “ወለተ እሌኒ” ብላ ጠቁማ ነበር። እናትየው ዓይኗን አፈጠጠችባት፤ ሌላ ስም ወጣ።

ባልየው ሲኒ አንስቶ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠ። “ይኼ የማዕበሉ ዓይን ነው። ነፋሱ በግራ በኩል ይዞራል፣ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ።” የስኳሩን ማንኪያ ከጎኑ አጋደመው። ማንኪያው የታምፓ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ አፉ ወደ ምዕራብ የተከፈተ። ሲኒው ከማንኪያው ሰሜን ወይም ፊት ለፊት ካለፈ ነፋሱ ባሕሩን እየገፋ ማንኪያው ውስጥ ያስገባዋል። ሰርጅ የሚሉት ይኼንን ነው። ሲኒው ከማንኪያው ደቡብ ከገባ ግን ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይሆንና ውሃውን ጠርጎ ያወጣዋል። የሰላጤው ጥልቀት በአማካይ አራት ሜትር አይሞላም፤ ከውጭ ያለው የባሕር ወለልም ረጅም መንገድ ጥልቀት የለውም። የተገፋው ውሃ ወደ ታች መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል።

ሄሊን ታምፓን አልነካትም እኮ። ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ራቅ ብላ በባሕሩ ላይ አልፋ፣ ሰሜን ሄዳ ነው የብስ የወጣችው። ግን ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ውሃ አስገባች። በዚህ ባሕር ዳር ባለው በፒኔላስ ካውንቲ ብቻ 12 ሰው ሞተ። ሳታይህ አልፋ ይኼን ያደረገች፣ ዓይኗን ጥላብህ ብትመጣስ? ይኼንን ጠየቅኩ። ባልየው ሲኒውን አንስቶ ቡናውን ጠጣ።

ሰኞ መኪና ተከራይቼ ሴንት ፒተርስበርግ ሄድኩ። ሾር ኤከርስ የሚባል ሰፈር አለ፣ ከባሕሩ ጋር እኩል የተቀመጠ። ግማሹ ቤት ባዶ ነው። አንዳንዱ ቤት ከነግድግዳው ተነሥቶ በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ ተቀምጧል፤ ሥሩ መኪና ይቆማል። እንደ ገጠር ጎተራ። እኛ እህሉን ከምስጥና ከአይጥ እናሸሻለን፣ እነሱ ራሳቸውን ከባሕር።

ፎቶ ሳነሳ ዝናብ መጣ። አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። ባሕሩ በዚያች ሰዓት ሞልቶ ስለነበር የመንገዱ ፍሳሽ መውጫ አጣ። እንዲያውም ከፍሳሹ ቀዳዳ ውሃ ወደ ላይ መፍለቅ ጀመረ፤ አንዲት ትንሽ ዓሣ አስፋልት ላይ ስትራገጥ አይቻለሁ። ሮጬ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ቁልፉን ልጠመዝዝ ስል አንዲት አሮጊት ከደረጃቸው ላይ በሁለት እጃቸው ያጨበጭባሉ። “አታስነሳው! ጨው ነው! ፍሬንህን ይበላዋል!”

ወጥቼ እሳቸው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ። በረዶ ያለበት ሻይ ሰጡኝ፤ ስኳሩ አይጣል ነው፣ ግን ጠጣሁት። በሄሊን ሌሊት ውሃውን በበር በኩል ሲጠብቁት በሻወሩ ቀዳዳ መጣባቸው። የፎቶ አልበሞቻቸውን ከቤቱ ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ብለው ፍሪጁ አናት ላይ ደርድረው ነበር። “ልጄ፣ ፍሪጅ እንደሚንሳፈፍ ታውቅ ነበር?” አሉኝ። አላውቅም ነበር። ፍሪጁ ተነሥቶ፣ ትንሽ ተንገዳግዶ፣ ከነአልበሞቹ ተገለበጠ። በ13ኛው ቀን ሚልተን የሚባል ሌላ ሀሪኬን መጣ። ያ ሁሉ የራሰ ፍራሽና ሶፋ ገና ደጃፍ ላይ እንደተቆለለ ነበር፤ ነፋሱ እንዳያነሳው ነው የፈሩት።

ታዲያ ለምን አይሄዱም? የቤቱ ጥገና ከቤቱ ዋጋ ግማሽ ከደረሰ ወይ ከፍ አድርገህ ትሠራለህ ወይ ታፈርሳለህ ይላል ሕጉ። እሳቸው ለጥቂት አመለጡ። ደግሞም አድባር አላቸው። አድባር ያልኩት እኔ ነኝ። ድሮ እዚህ ይኖሩ የነበሩት ቶኮባጋዎች በዛጎልና በአፈር የሠሯቸው ጉብታዎች አገሩን ይጠብቃሉ ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው አለ። በፈረንጆቹ ከ1921 ወዲህ ትልቅ ሀሪኬን በቀጥታ ገብቶ አያውቅም። ያኔ ውሃው ከሦስት ሜትር በላይ ነበር። በ1848 ደግሞ ከአራት ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ዛሬ የታምፓ መሀል ከተማ ባለበት የነበረውን ፎርት ብሩክን ጠርጎታል። ጉብታዎቹ ያኔም ነበሩ። ይኼን ለአሮጊቷ አላልኳቸውም፤ ሻያቸውን እየጠጣሁ።

ማታ የአክስቴ ልጅ ቤይሾር ቡለቫርድ ወሰደችኝ። ነጭ የሲሚንቶ መከላከያ ያለው ረጅም የባሕር ዳር መንገድ ነው። ሰው ይሮጣል፣ ውሻ ይዞ ይሄዳል፣ ሙቀቱ ግን በማታም አፍ ላይ ይጣበቃል። የድሬ ሙቀት ቢያንስ ደረቅ ነው። እዚያ ቆመን ስልኳን አወጣችና የኢርማን ፎቶ አሳየችኝ። ባሕሩ የለም። ጭቃ ብቻ። እሷ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሰላጤው ወለል ላይ ቆማ ትስቃለች። ከኋላዋ ሰው ውሻውን ያንሸራሽራል። በሚልተንም ውሃው እንዲሁ ወጥቷል። ሚልተን ባሕሩ ላይ ሳለ አምስተኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ደረጃ የደረሰ ነው። ከንቲባዋ ጄን ካስተር በቴሌቪዥን ቀርበው ውጡ በተባለው ዞን ውስጥ የሚቀር ይሞታል ብለው ነበር። እሱ ግን ወደ ደቡብ ጠምዝዞ ሳራሶታ አጠገብ ሲየስታ ኪ ገባ። ሲኒው ከማንኪያው በታች። ሴንት ፒተርስበርግ በዝናብና በነፋስ ተደበደበች፣ የስታዲየሙ ጣሪያ ተቀደደ፤ ባሕሩ ግን ሸሸ።

“ምን ነካሽ?” አልኳት። “ደቻቱን ረሳሽው?”

ደቻቱ የድሬዳዋ ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው። ኳስ ተጫውተንበታል። ሰው ይነግድበታል፣ አህያ ያስርበታል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ዝናቡ የዘነበው ከላይ ከደጋው ነው። ውሃው ሰው በተኛበት፣ በሌሊት ወረደ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። እኛ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ስለነበርን አልደረሰብንም፤ ጠዋት ግን ድልድዩ ላይ ቆመን ያየነውን ሁለታችንም አይተናል።

“አቦ ተወና!” አለች። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ትንሽ ቆይታ፣ “ይኼ ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው” አለች።

ለሚልተን አትላንታ ድረስ ሸሽተው ነበር። በደኅና ጊዜ ሰባት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ 15 ሰዓት ወሰደባቸው። ቤንዚን ፍለጋ አራት ማደያ። እሷ ሆድ ይዛ፣ አማቷ የስኳር በሽተኛ ሆነው። ሲመለሱ ቤታቸው እንደተዉት ነው፤ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ክትፎ ብቻ ተበላሽቷል። አሁን ባልየው ከእንግዲህ ንቅንቅ አልልም ይላል። ቤታቸው ዞን ቢ ነው፤ መጀመሪያ ውጡ የሚባለው ኤ ስለሆነ “እኛ ሁለተኛ ነን” ይላል። እሷስ? “እሷን ይዤ እወጣለሁ” አለች፣ ሕፃኗን ማለቷ ነው። “እሱ ክትፎውን ይጠብቅ።”

ማክሰኞ ኤርፖርት አደረሰችኝ። ሻንጣዬ አሁን ባዶ ነው፤ ቢሆንም 72 ዶላር ከፈልኩ። መኪናዋ ኋላ ውስጥ ሦስት ካርቶን ውሃ፣ ባትሪ፣ የሕፃን ወተት አየሁ። ገና ሰኔ ነው።

“ለመስቀል ና” አለችኝ ስትስመኝ።

“ለኅዳር ጽዮን” አልኳት።

“በማግስቱ ይሁን” አለች።