ዳማ እጄን ያውቃል

ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ቦሩ ሜዳ ላይ ፈረሴን ዳማን ስጋልበው አንገቱን ሽቅብ ወረወረና ቀጥ አለ። ነካ አደረግኩት። ትንሽ ሶምሶማ ሄደና እንደገና ቆመ። አባባ ጋቢውን ተከናንቦ ከዳር ያየኛል።

«መኪና ስትነጂ ነው የሰነበትሽው አይደል?» አለኝ።

አዎ። ቅዳሜ አዲስ አበባ ላይ ሰዓት የሚያዝበት የመኪና ውድድር ነበረኝ። እሑድ ሙሉ ቀን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ደሴ ገባሁ። አባባ መኪና ነድቶ አያውቅም፤ ግን ዛቡ ላይ ያለውን እጄን አይቶ ያውቅብኛል።

«ልጓሙን እኮ ፍሬን አደረግሽው!»

ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ ስለ ጊዜ ነው። «ሁለቱን እንዴት ታዳርሻቸዋለሽ?» ይሉኛል። ጊዜው ይገኛል። በሳምንቱ ቀናት መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች መኪና አስተምራለሁ፤ ጎህ ሲቀድ ዳማ አለ። ገንዘቡም እንደምንም ነው። አንድ ጎማ በገዛሁ ቁጥር አባባ ስንት ኩንታል ገብስ እንደሚገዛ አስልቶ ይነግረኛል። እኔን ያስቸገረኝ እጄ ነው።

ኮረኮንች ላይ በፍጥነት ስትነዱ መሪውን ጠበቅ አድርጋችሁ ካልያዛችሁት፣ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ከእጃችሁ ይመነጨቃል። ስለዚህ እጅ ይደድራል፣ ትከሻም ይደድራል። የፈረስ ልጓም ግን የሚያርፈው ጥርስ በሌለበት የድድ ክፍተት ላይ ነው። እዚያ ላይ ብረት ሲጎተት አስቡት። ዝንብ ስታርፍበት ቆዳውን የሚያርገበግብ እንስሳ ሁለት ቀን የደደረ እጄን እንዴት አይሰማው?

ሊስ ሃርቴል የምትባል ዴንማርካዊት ነበረች። በፖሊዮ ምክንያት ከጉልበቷ በታች እግሮቿ አይታዘዟትም፤ ፈረስ ላይ የሚያወጧትም የሚያወርዷትም ሰዎች ነበሩ። በ1952 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ላይ ጁብሊ በተባለች ባዝራዋ ወንዶቹን ተፎካክራ የብር ሜዳሊያ አመጣች። እኔ ሁለት ጤነኛ እግር ይዤ ዛብ እጎትታለሁ!

የኦሎምፒክ የፈረስ ስፖርት ለሴትና ለወንድ ተብሎ አይለይም። የመኪና ውድድሩ ራሊም እንደዚያው ነው። ፈረንሳያዊቷ ሚሼል ሙቶን በ1981 እ.ኤ.አ. የሳን ሬሞን ራሊ በአውዲ ኳትሮ ስታሸንፍ ሰዓቱ ሴት ናት ብሎ አልቀነሰላትም። ይሄን ነገር እወደዋለሁ። በር ላይ ያለው ሰው ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ለውድድር ልመዘገብ ሄጄ መዝጋቢው ከኋላዬ እያየ «ሹፌሩስ?» አለኝ። «መጣ» አልኩትና ፈረምኩ።

የቦሩ ሜዳ ልጆች ደግሞ «እማ ኮሮላ» ብለውኛል። የንጉሥ ሚካኤል የፈረስ ስም አባ ሻንቆ ነበር፤ ወሎ ውስጥ በፈረስ ስም መጠራት ክብር ነው። እኔን በአሮጌ ቶዮታዬ ጠሩኝ። ዳማ ቢሰማ ይቀየማል።

ከፈረስ ወደ መኪና የወሰድኩትም አለ። ልጅ ሆኜ አባባ «ገደሉን ካየሽ ገደል ትገቢያለሽ» ይለኝ ነበር። ፈረስ ዓይንሽ ወደሚሄድበት ይሄዳል ማለቱ ነው። ተማሪዎቼን ሀረጎ ቁልቁለት ላይ ይዤ ስወርድ ይህንኑ እላቸዋለሁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ ከታች የጫነ መኪና እያቃሰተ ይመጣል። ማርሽ ቀንሱ፣ ፍሬን ላይ አትተኙ፣ የኩርባውን መውጫ እዩ። ገደሉ አይጠፋም፣ እዚያው ነው።

ለእጄ ግን በቅርቡ አንድ ዘዴ አገኘሁ። ከውድድር ስመለስ ኮምቦልቻ ላይ ቆሜ ሻይ እጠጣለሁ። ከዚያ ሀረጎን በቀስታ እወጣለሁ፤ ትከሻዬን ጥዬ፣ መሪውን እንደ ዛብ በለስላሳው ይዤ። ዳማ በማግስቱ ብዙ አያጉረመርምም።

ባለፈው እንዲህ እያዘገምኩ ስወጣ ከኋላዬ አንድ አይሱዙ ጥሩንባውን ለቀቀብኝ። ሲያልፈኝ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፦

«እህት፣ መንጃ ፈቃድ ዛሬ ነው የወጣው?»